የእሳት እራት መዝጋቢዎች በደቡብ አውሮፓ ሌሊት ምን ይሠራሉ?

በበጋ ወራት በግሪክ ደሴቶች፣ በደቡብ ፈረንሳይ ወይም በስፔን ገጠር በአንድ የእንግዳ ማረፊያ የሚያድር ሰው አንዳንድ ጊዜ ግራ የሚያጋባ ነገር ያያል። እኩለ ሌሊት አልፎ፣ ሌላው እንግዳ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ አንድ ሰው በሁለት ዛፎች መካከል ነጭ አንሶላ ወጥሮ፣ ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጥ አምፖል አብርቶ፣ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ቆሟል። ሌባ አይደለም፤ ጸሎትም እያደረሰ አይደለም። የእሳት እራት እየመዘገበ ነው።

ልማዱ በብሪታንያ፣ በኔዘርላንድስና በጀርመን የቆየ ሲሆን፣ ለእረፍት ወደ ደቡብ የሚወርዱ ሰዎች መብራታቸውን በሻንጣ ይዘው ይጓዛሉ። ፎቶ አይተው የነፍሳትን ስም የሚነግሩ የስልክ መተግበሪያዎች ከተስፋፉ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ለማንኛውም ተጓዥ ደርሷል። ከዚሁ ጋር አንድ የተሳሳተ ግንዛቤም አብሮ ተዛምቷል። ፎቶ ማንሳት እንደ መመዝገብ፣ መተግበሪያው የሰጠው ስም ደግሞ እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ምክንያቱን ለመረዳት ከፍጥረቱ ከራሱ መጀመር ይሻላል።

የእሳት እራት ከቢራቢሮ በምን ይለያል?

ሁለቱም ክንፋቸው በደቃቅ ቅርፊቶች የተሸፈነ የአንድ የነፍሳት ምድብ አባላት ናቸው። ክንፋቸውን የነካ ሰው ጣት ላይ የሚቀረው አቧራ መሳይ ነገር ይኸው ቅርፊት ነው። በዓለም ላይ እስካሁን ስም የተሰጣቸው የዚህ ምድብ ዝርያዎች 160 ሺህ ያህል ሲሆኑ፣ ቢራቢሮዎች ከእነዚህ ውስጥ 18 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። የቀረው ሁሉ የእሳት እራት ነው። በአውሮፓ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል፤ ከ10 ሺህ ያህል ዝርያዎች ቢራቢሮዎቹ 500 ገደማ ናቸው። ስለዚህ ቢራቢሮ ቀን ቀን ስለሚታይ ስሙ ገነነ እንጂ፣ በቁጥር ረገድ የትልቅ ቤተሰብ ትንሽ ቅርንጫፍ ነው።

በትምህርት ቤት የሚነገሩት መለያዎች ይታወቃሉ። ቢራቢሮ ቀን ይበራል፣ የእሳት እራት ሌሊት። ቢራቢሮ ያሸበረቀ ነው፣ የእሳት እራት ደብዛዛ። የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ላይ ይወፍራል፣ የእሳት እራት አንቴና ግን ቀጭን ወይም ላባ መሳይ ነው። ለመንደርደሪያ አይከፉም፤ ደቡብ አውሮፓ ሲደርሱ ግን አንድ በአንድ ይፈርሳሉ።

በቀትር ፀሐይ በሆቴል በረንዳ አበቦች ፊት አየር ላይ ቆሞ በረጅም ምላሱ የአበባ ማር የሚጠጣ፣ ክንፎቹ ከፍጥነታቸው ብዛት የማይታዩ ትንሽ ፍጥረት ያየ ተጓዥ ብዙ ጊዜ ሀሚንግበርድ የተባለችውን ወፍ አየሁ ብሎ ይናገራል። በአውሮፓ በዱር የሚኖር ሀሚንግበርድ የለም። ያየው ማክሮግሎሱም ስቴላታሩም የተባለውን የእሳት እራት ነው። ይህኛው ከነአካቴው የቀን ፍጥረት ነው።

ከዚህ የባሰው ማሳሳቻ በግሪክ ሮድስ ደሴት ይገኛል። ከሮድስ ከተማ ወጣ ብሎ «የቢራቢሮዎች ሸለቆ» እየተባለ የሚጠራ፣ ግሪኮቹ ፔታሉደስ የሚሉት ጥላማ ሸለቆ አለ። በየበጋው በሺዎች የሚቆጠር ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ ከፍሎ ይገባበታል። በሸለቆው ውስጥ በጅረቱ ዳር ባሉት ዐለቶችና በዛፎቹ ግንድ ላይ ተደርድረው የሚታዩት ነፍሳት ግን ቢራቢሮ አይደሉም፤ ዩፕላጊያ ኳድሪፑንክታሪያ የተባሉ የእሳት እራቶች ናቸው። ክንፋቸውን ሲያጥፉ ጥቁር ቡናማ ገላ ላይ የተጣሉ የክሬም መስመሮች ብቻ ይታያሉ፤ ከዛፉ ልጥ ለመለየት ቀረብ ማለት ይጠይቃል። ሲደነግጡ ግን ከስር የተሸሸገው ቀይ ብርቱካናማ ክንፍ በአንድ ጊዜ ይገለጣል፣ ሸለቆውም በቅጽበት ቀለም ይለውጣል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ነፍሳት ወደ ሸለቆው የሚመጡት ድርቁንና ሙቀቱን ለማሳለፍ ነው፤ በዚያ ወቅት የሚኖሩት በሰውነታቸው ባከማቹት ስብ ነው። ቀይ ክንፋቸውን ለማየት ሲል የሚያጨበጭብ ወይም የሚያፏጭ ጎብኚ፣ ለመራባት ያስቀመጡትን ጉልበት ያስጨርሳቸዋል። ስለዚህ በሸለቆው ውስጥ ድምፅ ማሰማትና እነሱን ማስደንገጥ ክልክል ነው። ክልከላውን የማያከብር ጎብኚ ግን ዛሬም አልጠፋም።

ብርሃን ለምን ይስባቸዋል?

ለብዙ ዘመን የተነገረው መልስ ጨረቃን ይመለከታል። የእሳት እራት አቅጣጫውን የሚጠብቀው በጨረቃ ነው፣ አምፖል ሲያይ ጨረቃ መስሎት ይሳሳታል ይባል ነበር። አሳማኝ ይመስላል፤ ነገር ግን በካሜራ የተረጋገጠ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅና የፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአምፖል ዙሪያ የሚበሩ ነፍሳትን በፈጣን ካሜራ ቀረጹ። ነፍሳቱ ወደ አምፖሉ ፊታቸውን አዙረው አይበሩም ነበር፤ ያዞሩት ጀርባቸውን ነው። በተፈጥሮ ሌሊት ሰማዩ ከምድር ይልቅ ብሩህ ነው፤ ስለዚህ ጀርባውን ወደ ብርሃን የሚያዞር በራሪ ነፍሳ ሁልጊዜ ቀና ብሎ ይበራል። አምፖል በጎኑ ሲበራ ግን ጀርባውን ወደዚያ ያዘነብላል፣ ማዘንበሉም መንገዱን ያጠፍበታል። በካስማ እንደታሰረ ጥጃ ነው፦ ጥጃው የሚሄደው ወደፊት ነው፣ ክብ የሚያደርገው ግን ገመዱ ነው። ከአምፖሉ በላይ ያለፈው ደግሞ ጭራሽ በጀርባው ተገልብጦ ይወድቃል።

ይህ ጥናት ከሩቅ ያሉ ነፍሳት ወደ መብራቱ እንዴት እንደሚደርሱ ሙሉ በሙሉ አልመለሰም። ለመዝጋቢው ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ይነግረዋል። አንሶላው ላይ ያረፉት ነፍሳት በብርሃኑ ተደስተው የመጡ እንግዶች አይደሉም፤ መውጫ አጥተው የቆዩ ናቸው። መብራቱን ማጥፋትና መልቀቅ ግዴታ የሚሆነውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ታዲያ እንዴት ይያዛሉ?

ቀላሉ ዘዴ ከላይ የተገለጸው አንሶላ ነው። ሌላው የብርሃን ወጥመድ ይባላል። ወጥመድ የሚለው ቃል ማስፈራቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ምንም የሚገድል ነገር የለውም። ከታች ሳጥን ወይም ባልዲ፣ ከላይ አምፖል፣ በመካከላቸው እንደ ማጥለያ ወደ ውስጥ የሚጠብ ክፍተት ነው። ነፍሳው አምፖሉን ሲዞር ተንሸራቶ ይገባል፣ መውጫውን ለማግኘት ግን ይቸገራል። በሳጥኑ ውስጥ ባዶ የእንቁላል ካርቶኖች ይደረደራሉ። ጨለማና ጎድጓዳ ስለሆኑ የእሳት እራቶቹ እየተራወጡ ክንፋቸውን ከመጉዳት ይልቅ እዚያ ውስጥ ተቀምጠው ያነጋሉ።

አምፖሉ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጥ ቢሆን ይመረጣል፤ እኛ ብዙም የማናየውን ይህን ብርሃን የእሳት እራት አጥርቶ ያያል። ቀደም ሲል የሚሠራው 125 ዋት የሜርኩሪ አምፖል ነበር፣ ኃይለኛ፣ የሚግልና ጎረቤት የሚያስነሳ። የአውሮፓ ኅብረት እነዚህን አምፖሎች እ.ኤ.አ. በ2015 ለጠቅላላ መብራትነት ከገበያ አስወጥቷቸዋል። አሁን በስልክ መሙያ ባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶች አሉ፣ ሻንጣ ውስጥ ካልሲ ሥር ይገባሉ። አልትራቫዮሌት ዓይን ስለሚጎዳ አምፖሉን ትኩር ብሎ ማየት ግን አይገባም።

ምንም መሣሪያ ያልያዘ ሰውም ባዶ እጁን አይቀርም። ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚበራበት ነጭ ግድግዳ፣ የነዳጅ ማደያ ጣሪያ፣ የሆቴሉ መታጠቢያ ክፍል ደጃፍ በማለዳ ቢጎበኝ ብዙ ይገኝበታል። ብርሃን የማይስባቸው ዝርያዎች ደግሞ በሆዳቸው ይጠራሉ፦ ቀይ ወይን በስኳር አሙቆ፣ የጥጥ ገመድ ነክሮበት፣ ሲመሽ በቁጥቋጦ ላይ ማንጠልጠል። በወይን አገር የእረፍት ጊዜውን ለሚያሳልፍ ሰው ይህ ከባድ ወጪ አይደለም። ገመዱን በእጅ ባትሪ የሚጎበኝ ሰው ምላሳቸውን ዘርግተው የሚመጥጡትን ያያል። ከመካከላቸው ካቶካላ የተባሉት፣ ሲያርፉ ግራጫ፣ ሲነሱ ደማቅ ቀይ ክንፍ የሚገልጡት ትልልቆች ይገኙበታል።

ሦስተኛው መንገድ ሽታ ነው። የብዙ ዝርያዎች ሴቶች ወንዱን የሚጠሩት በአየር ላይ በሚለቁት ጥቂት ኬሚካል ሲሆን፣ ይህ ፌሮሞን ይባላል። በደቡብ ፈረንሳይ የኖረው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዣን ኦንሪ ፋብር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንዲት ሳቱርኒያ ፒሪ የተባለች ሴት የእሳት እራት በቤቱ ከሙሽሬዋ (አባጨጓሬው ከሚለወጥበት ሽፋን) ወጥታ በሽቦ ወንፊት ስትቆይ፣ በዚያው ምሽት አርባ ያህል ወንዶች በመስኮት ገብተው እንደከበቧት ዘግቧል። ሳቱርኒያ ፒሪ የአውሮፓ ትልቁ የእሳት እራት ነው፤ ክንፉ ሲዘረጋ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ በአራቱም ክንፎቹ ላይ ዓይን የመሰለ ክብ ምልክት አለው። አፉ ለመብላት አይሠራም፤ እንደ አባጨጓሬ ሳለ በበላው ጥቂት ቀናት ኖሮ ይሞታል። ኬሚካሉ ራሱ ምን እንደሆነ በመጀመሪያ የታወቀው ከሐር ትል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ጀርመናዊው አዶልፍ ቡተናንትና ባልደረቦቹ ጥቂት ሚሊግራም ለማግኘት የ500 ሺህ ያህል ሴት የሐር እራቶችን ዕጢ መጠቀም ነበረባቸው። ዛሬ ለአንዳንድ ዝርያዎች ሰው ሠራሽ ፌሮሞን በሱቅ ይሸጣል።

ለምን ደቡብ አውሮፓ?

በብሪታንያ የተመዘገቡት የእሳት እራት ዝርያዎች 2,500 ያህል ናቸው። ጣልያን ወይም ፈረንሳይ ግን እያንዳንዳቸው ቢራቢሮዎችን ጨምሮ ከ5 ሺህ በላይ ዝርያዎች አሏቸው። ተራራ፣ ደረቅ ቁጥቋጦ፣ የወይራ እርሻና የባሕር ዳር አሸዋ በአጭር ርቀት ስለሚፈራረቁ ወጥመዱን ጥቂት ኪሎ ሜትር ማዛወር ብቻ የሚገኘውን ዝርዝር ይለውጠዋል።

ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚሄደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ይህ ደግሞ በዝቅተኛው የሜዲትራኒያን ምድር ምርጡ ወቅት አይደለም። እዚያ አረንጓዴው የሚበዛው በጸደይ፣ ዝናቡም የሚመለሰው በመኸር ስለሆነ፣ አንዳንድ ዝርያዎች የበጋውን ድርቅ ልክ እንደ ሮድሶቹ ሳይንቀሳቀሱ ያሳልፉታል። የትምህርት ቤት እረፍት የማያስገድደው ሰው ሚያዝያ መጨረሻን ወይም መስከረምን ቢመርጥ፣ ያ ካልሆነም በነሐሴ ወደ ተራራ ወጣ ቢል ያዋጣዋል። ከወቅቱ ሌላ ሌሊቱም ይለያያል። ሞቃት፣ ደመናማና ነፋስ የሌለበት ሌሊት ጥሩ ነው። ጨረቃ ስትሞላና ሰማዩ ሲጠራ ወጥመዱ ባዶውን ሊያድር ይችላል።

የደቡቡ ሌላው ጸጋ ከአፍሪካ የሚመጡት ናቸው። ከደቡብ ነፋስ ሲነፍስ ሜዲትራኒያንን አቋርጠው የሚገቡ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ ታዋቂው አኬሮንቲያ አትሮፖስ ነው፤ በደረቱ ጀርባ ላይ የሰው የራስ ቅል የሚመስል ምልክት ስላለው በብዙ አገር እንደ ክፉ ምልክት ሲፈራ ኖሯል። ክንፉ ሲዘረጋ ከ12 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ ሌሊት ወደ ንብ ቀፎ ገብቶ ማር ይሰርቃል፣ ሲነካ ደግሞ በአጭሩ ምላሱ አየር እያስገባና እያስወጣ ይጮኻል። ከሰሃራ በስተደቡብም በሰፊው የሚኖር ስለሆነ ኢትዮጵያዊ ንብ አናቢ በቀፎው ዙሪያ ቢያየው አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከጀርመን ተነስተው በአልፕስ ተራሮች በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዙ 14 የዚህ ዝርያ እራቶችን፣ ደቃቅ ማሠራጫ ጀርባቸው ላይ ተለጥፎ፣ በትንሽ አውሮፕላን ተከትሏቸዋል። አንዳንዶቹ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተከትለዋቸዋል፤ ነፋስ ቢቃረናቸውም ቀጥተኛ መስመራቸውን ጠብቀው ይበሩ ነበር።

ስሙ እንዴት ይታወቃል?

ከሁሉም ብዙ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚታየው ቀለም ሳይሆን አቀማመጥ ነው። ሲያርፍ ክንፉን እንደ ጣሪያ ያዘነብላል? በጠፍጣፋው ዘርግቶ ይለጥፋል? በገላው ዙሪያ ጠቅልሎ ስንጥር እንጨት ይመስላል? ይህ ብቻውን ምርጫውን ከብዙ ቤተሰቦች (ተቀራራቢ ዝርያዎች ከሚመደቡባቸው ክፍሎች) ወደ ሁለትና ሦስት ያወርዳል። ከዚያ መጠኑ፣ የአንቴናው ቅርጽ፣ በመጨረሻም በፊት ክንፉ ላይ ያሉት መስመሮችና ክቦች ይታያሉ። ፎቶ ሲነሳ ከላይ፣ ከጎንና ከተቻለ የኋላ ክንፉ ሲታይ መነሳት አለበት፤ አጠገቡ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም ቢኖር መጠኑን ይናገራል።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንመልከት። በጣልያን በሰኔ ወር በደን ጠርዝ ላይ ቀን ቀን ቀስ እያለ የሚበር፣ ጥቁር ሰማያዊ ክንፍ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው፣ ሆዱ ላይ ቢጫ ቀለበት የታሰረ ነፍሳ ይገኛል። አማታ ፌጌያ ይባላል። ወፎች መራራ መሆኑን ስለሚያውቁ አይነኩትም። በዚያው ደን፣ በዚያው ወቅት፣ አንዳንዴም በዚያው አበባ ላይ ዚጌና ኤፊያልቴስ የተባለ ሌላ የእሳት እራት አለ። የሩቅ ዘመድ ነው፤ ብዙዎቹ ወንድሞቹ ቀይ ነጠብጣብ ሲኖራቸው እርሱ ግን አማታ በሚበዛበት አካባቢ ጥቁር ሰማያዊ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለውና ቢጫ ቀለበት የታጠቀ ሆኖ ይገኛል። እርሱም መርዛማ ነው። ሁለት መራራ ዝርያዎች አንድ ልብስ ሲለብሱ፣ ወፍ አንዱን ቀምሳ ከሁለቱም ትርቃለች፤ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ከፎቶ ለመለየት የሚረዳው አንቴናው ነው፤ የአማታ ቀጭን ሲሆን፣ የዚጌና ወደ ጫፉ ይወፍራል። አዎን፣ የሚወፍር አንቴና የቢራቢሮ ነው የሚለው የትምህርት ቤት ደንብ እዚህም ፈረሰ።

ከሰሜን ይዞት የመጣውን መጽሐፍ የሚያምን ሰው ትልቁ አደጋው ይኸው ነው። መጽሐፉ ለአገሩ በቂ ነው፤ በአገሩ አንድ ዝርያ ብቻ ያለበት ስፍራ በደቡብ አራት አምስት ተመሳሳዮች ይኖሩበታል። መጽሐፉ ተመሳሳዮቹን ስለማያሳይ ሰውዬው ሳይጠራጠር የሚያውቀውን ስም ይጽፋል።

የስልክ መተግበሪያዎችም ከዚህ የተለየ ሕመም የላቸውም። ስም የሚሰጡት ቀድመው ከተማሩት ፎቶ ጋር በማመሳሰል ነው፤ በብዛት ፎቶ የተነሳው ዝርያ ደግሞ ብዙ መዝጋቢ ባለበት አገር የሚኖረው ነው። በዚህም ምክንያት እምብዛም ፎቶ ያልተነሳው የደቡብ ዝርያ በሚታወቀው የሰሜን ዘመዱ ስም ሊጠራ ይችላል። ይህን ስል መተግበሪያዎቹ አይረቡም ማለቴ አይደለም፤ ቤተሰቡን ለመጠቆም ብዙ ጊዜ ጎበዝ ናቸው። የሰጡትን ስም ወስዶ ዝርያው በዚያ አገር፣ በዚያ ወር መኖሩንና ተመሳሳይ ያለው መሆን አለመሆኑን መፈተሽ ግን የሰው ሥራ ነው። ሰዎች ያዩትን ፍጥረት ፎቶ በሚጭኑበት አይናቹራሊስት በተባለው የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንድ ምዝገባ ለምርምር የሚበቃ የሚባለው ስሙን ካዩት ሰዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲስማሙበት ነው። ይህም ቢሆን ተስማሚዎቹ ከፎቶው ይልቅ አንዱ ሌላውን ከተከተለ ከስሕተት አያድንም።

ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሚያህሉት ደቃቆች ብዙዎቹን ደግሞ በፎቶ መለየት ፈጽሞ አይቻልም። ባለሙያ የመራቢያ አካላቸውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ወይም ዲኤንኤ አስመርምሮ ይለያቸዋል። ለዚያ መግደል ያስፈልጋል፤ የእረፍት ተጓዥ ግን ይህን ለባለሙያ ትቶ ቢያልፍ ይሻለዋል።

«መመዝገብ» ሲባል ምን ይጻፋል?

አራት ነገር ብቻ፦ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ማን። ምን የሚለው የዝርያው ሳይንሳዊ ስም ነው፤ ግሪኩም ሆነ ሆላንዳዊው ያለ ክርክር የሚግባባበት እርሱ ስለሆነ። የት የሚለው የመንደሩ ስም ብቻ ሳይሆን ስልኩ የሚሰጠው ትክክለኛ ነጥብ ነው፤ «ደቡብ ስፔን» ተብሎ የተጻፈ ምዝገባ ለማንም አይጠቅምም። መቼ የሚለው ላይ ወጥመዱ የተዘረጋበት ምሽት ቀን ይጻፋል፤ ነፍሳቱ የሚቆጠሩት በማግስቱ ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ማን የሚለው የመዝጋቢው ስም ነው፣ በኋላ ጥያቄ ቢነሳ የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር። የተቆጠረው ብዛትና የመብራቱ ዓይነት ቢታከል መልካም ነው።

ከዚያ ምዝገባው በየአገሩ ወዳለ የመረጃ ቋት ይገባል፤ ብዙዎቹም መጨረሻቸው ዋና ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን በሆነው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት ይሆናል። ማንኛውም ተመራማሪ ከዚያ በነጻ ይወስዳል።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?

ብሪታንያ ውስጥ የሮዝአምስቴድ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየአገሪቱ ክፍል አንድ ዓይነት ወጥመዶች በየሌሊቱ ሲያበራ ኖሯል። ያ የማያቋርጥ ቆጠራ ነው እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2017 ባለው ጊዜ የትልልቅ የእሳት እራቶች ብዛት በ33 በመቶ መቀነሱን ያሳየው። ከዚያ በፊት «ድሮ ይበዙ ነበር» ማለት የሽማግሌ ወሬ ብቻ ነበር። ብዙ ወፎች ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡት በአብዛኛው በአባጨጓሬ ስለሆነ፣ የሌሊት ወፎችም የእሳት እራት ስለሚበሉ፣ ቅነሳው በነፍሳቱ ብቻ አያበቃም። በደቡብ አውሮፓ ግን የመዝጋቢዎቹ ቁጥር ከሰሜኑ ያነሰ ስለሆነ እንዲህ ያለ ረጅም መረጃ ብርቅ ነው፤ የአንድ ተጓዥ የጥቂት ሌሊት ዝርዝር እንኳ በካርታው ላይ ባዶ የነበረ ቦታ ሊሞላ ይችላል።

ሁለተኛው ጥቅም መጤ ተባይን ቶሎ ማወቅ ነው። ከምሥራቅ እስያ የመጣው ሲዳሊማ ፐርስፔክታሊስ እ.ኤ.አ. በ2007 በጀርመን ከታየ በኋላ በችግኝ ንግድ አማካይነት አብዛኛውን አውሮፓ አዳርሶ የጓሮ አጥር የሚሆነውን፣ ቦክስ የተባለውን ቁጥቋጦ አራቁቷል። ከደቡብ አሜሪካ ከዘንባባ ችግኝ ጋር የገባው ፔይሳንዲሲያ አርኮን ደግሞ የስፔንንና የፈረንሳይን ዘንባባዎች ከውስጥ እየቦረቦረ ነው።

ይህን ለኢትዮጵያ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ አፍሪካ፣ በ2017 ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎውን የፈጀው የአሜሪካ መጤ ተምች ሲያድግ ግራጫ ቡናማ የሆነ ትንሽ የእሳት እራት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ቀድሞ ለሚታወቀው ተምችም ሆነ ለዚህ መጤ፣ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ፌሮሞን በተንጠለጠለበት ወጥመድ ውስጥ የገቡትን ወንዶች በመቁጠር ነው። በደቡብ ፈረንሳይ በፕሮቫንስ የሚታየው የእረፍት ጊዜ ጨዋታና በማሳ ዳር የሚደረገው ቆጠራ መሠረታቸው አንድ ነው።

የሚከለከልና የሚያስጠነቅቅ ነገር አለ?

አለ። በብሔራዊ ፓርኮችና በብዙ ጥብቅ ስፍራዎች ወጥመድ መዘርጋት ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ደንቡ በየአገሩ፣ በስፔን ደግሞ በየክልሉ ይለያያል። በግል መሬት ላይም ቢሆን ባለቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ዝርያዎች በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በስፔንና በፈረንሳይ የጥድ ደኖች የሚኖረው፣ ረጅም ጭራ ያለው አረንጓዴው ግራኤልሲያ ኢዛቤሌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1849 ማሪያኖ ዴ ላ ፓስ ግራኤልስ ገልጾት ለንግሥት ኢዛቤል ዳግማዊት መታሰቢያ ሰይሞታል። ይህን ያየ ፎቶ አንስቶ ይሂድ።

በጥድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ነጭ የድር ከረጢት፣ ወይም በመንገድ ላይ አንዱ ሌላውን ተከትሎ በሰልፍ የሚሄድ አባጨጓሬ ካዩ አይንኩ፣ ልጆችንና ውሻንም ያርቁ። የታውሜቶፔያ ፒትዮካምፓ አባጨጓሬዎች ናቸው፤ በዓይን የማይታየው ፀጉራቸው ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይንና ሳንባን ይጎዳል፣ ውሻ ከላሰው ምላሱ ሊሞትበት ይችላል። ወጥመዱን ሲከፍቱ ደግሞ ትልልቅ ተርቦች ውስጡ ሊኖሩ ስለሚችሉ ካርቶኑን ቀስ ብሎ ማንሳት ይበጃል።

በደቡብ ያለው ሌላው ነገር ፀሐይ ነው። ወጥመዱ ጎህ ሲቀድ ካልታየና ጥላ ሥር ካልተዛወረ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ውስጡ ያለው ሁሉ በሙቀት ይሞታል። ረፍዶ መነሳት የሚወድ ሰው ወጥመድ ባያኖር ይሻላል። ሲለቀቁም ወፎች እንዳይለቅሟቸው ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ በየማለዳው ቦታ እየተቀያየረ ይለቀቃሉ።

ስሙን ማግኘት ካልተቻለስ?

እስከታወቀበት ድረስ ይጻፋል። በጣልያን ከአማታ ፌጌያ ሌላ በመልክ ከእርሱ የማይለዩ ሌሎች አማታዎች ስላሉ፣ «አማታ፣ ዝርያው ያልተለየ» ተብሎ የተጻፈ ምዝገባ በግምት «ፌጌያ» ከተባለው ይበልጣል። የተሳሳተ ስም አንዴ ቋት ውስጥ ከገባ በካርታ ላይ ነጥብ ይሆናል፣ ያንን ነጥብ አይቶ ሌላው ተጓዥም የራሱን ፎቶ በዚያው ስም ይጠራል፣ መተግበሪያውም ከሁለቱ ይማራል። ያልተለየ ተብሎ የተቀመጠውን ፎቶ ግን ያንን ቤተሰብ የሚያጠና ባለሙያ ከዓመታት በኋላም ቢሆን አይቶ ሊሰይመው ይችላል፤ ቦታውና ቀኑ አብሮ ከተጻፈ።